የሪሜይ እሳት

እሑድ ከምሳ ኋላ፣ ሰሃኑ ታጥቦ ሲያበቃ፣
ሪሜይ ድስት ታወጣለች፣ ጠርዙ የተላጠ ዕቃ።
መጋረጃውን ጠቅልላ በልብስ መቆንጠጫ ታስራለች፤
አምና በጥቅምት አንዱን ክንፍ ለእሳት ገብራለች።

ቪናሮስ ነው፣ የወደብ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
ከታች ጀልባ ይጠገናል፣ መዶሻው ይሰማል ከሩቅ።
እኔ ጎረቤት ነኝ፣ የሴራሚክ ፋብሪካ ሠራተኛ፣
የሌሊት ፈረቃ፣ የቀን እንቅልፈኛ።
ልማር ብዬ መጣሁ፤ ደብተር ይዤ ነበር፤
«እጠፈው» አለችኝ፣ «አፍንጫ ነው ይህን የሚማር።»

መጀመሪያ ስኳር፣ ከድስቱ ወለል ላይ፤
የቀረፋ ስንጥር፣ ጣት የሚያህል፣ ከስኳሩ በላይ፤
የሎሚ ልጣጭ፣ ቢጫው ብቻ፣ ነጩ ሳይነካ፤
ነጩ ቂመኛ ነው፣ ምሬቱ አይለካ።
ሰባት ፍሬ ቡና፣ ያልተፈጨ፣ የተቆላ፤
ለምን ሰባት? ብላት፣ «እናቴ አልነገረችኝም ሌላ።»

ሩሙ ገባ። ክብሪት ጫረች። ምንም።
ሁለተኛ ጫረች። አሁንም ምንም።
«ቀዝቃዛ መጠጥ አይነድም፣» አለች፣ «እንደ ቀዝቃዛ ሰው፤
መጀመሪያ ሞቅ ይበለው።»
ድስቱን ከምድጃው አስጠግታ ጥቂት አቆየችና
ሦስተኛውን ስትጭር ያዘ፣ ድምፅ ሳያሰማ፤
ሰማያዊ ሆኖ ዞረ፣ የማይጨበጥ ሸማ።
የቡናው ፍሬ ከላይ ተንሳፎ ተሰነጠቀ፣
ቤቱ በሎሚና በከረሜላ ሽታ ተጥለቀለቀ።

ሽታው ነው መሰል የጠራው፣
ባቲስቴ ከመኝታ ቤት መጣ፣ ወንበሩን አስጠጋ፤
አርባ ዓመት መረብ ጎትቷል፣ እጁ ገመድ እንጂ አይመስልም ሥጋ።
ስኳር አለበት። ሐኪሟ በሚያዝያ ቁርጡን ነገረችው፣
አልኮሉንም፣ ስኳሩንም፣ ሁለቱንም ተው።
«ስኳር ተው ትለኛለች፣» አለኝ፣
«ስኳር እኔን መቼ ተወኝ?»

ለእሱ ሌላ ድስት አለ፣ ትንሽ፣ እጀታው የላላ፤
ስኳር አይገባበትም፤ ቀረፋው ብቻ፣ ቡናው የተቆላ።
የእኛን ሁለት ደቂቃ አንድዳ በክዳን አፈነችው፤
የእሱን ግን ደክሞት እስኪተኛ ቆማ ጠበቀችው።
«ሁሉም አይወጣም፣» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «የፈለገውን ያህል ቢነድ፣
ጥቂት ይቀራል ከሥሩ፣ አልሄድም ብሎ የሚያምጽ ጉድ።»
«አውቃለሁ፣» አለች። ዓይኗን ከነበልባሉ አላነሳችም።
«ያቺ ጥቂት...» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችም።

ከዚያ ቡናው፣ ጥቁር፣ ትኩስ፣ በማንኪያ ጀርባ ተንሸራቶ፣
ከሩሙ እንዳይጣላ፣ እንግዳ እንደሚገባ ጫማ አውልቶ።
የእኔ ብርጭቆ ሦስት ቀለም ያዘ፤ ከታች ወርቅ፣
መሐሉ ጥቁር፣ ከላይ አረፋ፣ ስስ፣ ደቃቅ።
የባቲስቴ ግን አልተከፈለም፤
ክብደቱ ስኳሩ ነበርና፣ ያለ እሱ ሩም ከቡና በታች አይተኛም።
አንድ ዓይነት ቡናማ፣ ከላይ እስከ ታች፣
ዝናብ እንደ መታው የወደቡ ዳርቻ።

ብርጭቆዬን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፤
ጠጣ ብዬ ብፈራም፣ ቀለሙን ነበር የቆጠረው።
መለሰልኝ። ከራሱ አንድ ጊዜ ተጎነጨ፣
ምላሱን ላንቃው ላይ አጋጨ።
«ሪሜይ፣ ዛሬ እሳትሽ ረዘመ።»
«ክብሪቱ ነው፣» አለች፣ ትከሻዋ ሳይዞር፤
ስፖንጁ ግን በእጇ ላይ ቆመ፣ ውኃው ሲፈስ ነበር።

ማታ ፈረቃ ስገባ ደብተሬን ገለጥኩ፤
ስኳር፣ ቀረፋ፣ ልጣጭ፣ ሰባት ፍሬ ብዬ ጻፍኩ።
«የእኛ እሳት፣ ሁለት ደቂቃ»፤ አሰመርኩበት ደግሞ።
«የባቲስቴ» ብዬ ጀመርኩ፤
እስክሪብቶዬ ቀረ ቆሞ።